የኋላ ቀኝ ወንበር

ሰይድ ደብተሩን መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን ስለ ጂን አላወራንም፤ ያወራነው ስለ ባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ አውርቼ የማልጠግበው ነገር ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ ሌላው በየተራው ይመጣል።

ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ። ሪያድ ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሳለፈው ሱለይማኒያ ሰፈር፣ በአንድ ቤት የቤተሰብ ሹፌር ሆኖ ነው። የቤቱ ጌታ አቡ ፋሃድ ይባሉ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በረሃ ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀያሽ መሐንዲስ። ከአራት ዓመት በፊት ጥቁር ሰማያዊ፣ ድምፅ የሌለው፣ እጅግ ውድ የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። የመኪናውን ቁልፍ ካርድ ለሰይድ ሲሰጡት አብረው አንድ የተማሪ ደብተር ሰጡት።

«ይህን መኪና በአዲስ የምንቀይረው መቼ እንደሆነ ሻጩ አይነግረንም፤ ጎረቤትም አይነግረንም» አሉት። «የሚነግረን ይህ ደብተር ነው።»

ዘዴያቸው ቀላል ነው። መኪናው ሐሙስ ሐሙስ ሰማንያ ፐርሰንት እስኪደርስ ቻርጅ ይደረጋል። በሚቀጥለው ሐሙስ በሳምንቱ የተነዳው ኪሎሜትር ይጻፋል፤ የወረደው ፐርሰንት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር አንድ ፐርሰንት ስንት ኪሎሜትር እንደሚያስኬድ ይናገራል። መኪናው አዲስ ሳለ አራት ነጥብ ስምንት ነበር። አቡ ፋሃድ ድንበር አበጁለት፤ ሦስት ተኩል። ከዚያ በታች ከወረደ ባትሪው ከሩብ በላይ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው፤ ገዢ ሳይንቀው አሮጌውን ሰጥቶ አዲሱን መውሰድ ይሻላል። ግን በአንድ ሐሙስ አይፈረድም። አራት ሐሙስ ተከታትሎ መውረድ አለበት።

«አንዱ ሐሙስ ሙቀት ሊሆን ይችላል» ይሉ ነበር፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። «ሁለተኛው የመንገድ መጨናነቅ። ሦስተኛው ያንተ እግር። አራተኛው ግን መኪናው ራሱ ነው።»

ይህን ስሰማ ሰውየውን በሕይወት ሳሉ ባውቃቸው ብዬ ተቆጨሁ። አንድን ነገር ለመጣል አራት ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ብዙ የለም።

አቡ ፋሃድ ባለፈው ሚያዝያ ሞቱ። ባለቤታቸው ኡሙ ፋሃድ ዒዳ ተቀመጡ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከግቢዋ አትወጣም። መኪናውም ያን ጊዜ ሁሉ የቻርጅ ገመዱ እንደተሰካ ግቢው ውስጥ ቆሞ ከረመ። ዒዳው ነሐሴ መጨረሻ ላይ አለቀ። ገመዱ ተነቀለ፤ ኡሙ ፋሃድ ወደ እህታቸው ቤትና ወደ ሐኪም መመላለስ ጀመሩ፤ ሰይድም ደብተሩን እንደገና ከፈተ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሦስት ነጥብ ሦስት ሆነ። ሁለተኛው ሦስት ነጥብ ሁለት። ሦስተኛው እንደገና ሦስት ነጥብ ሦስት።

ልጃቸው ፋሃድ የሚኖረው በሰሜን ሪያድ ነው። ደብተሩን አየና የሰይድን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አንድ ሐሙስ ቀረ፣ ያ ሰይድ። አዲሱ ሞዴል ራሱን ያቆማል፣ ሊነዳም ምንም አይቀረው። እናቴን ወደ እኔ እወስዳታለሁ፤ እኔው አደርሳታለሁ። አንተም አገርህ ገብተህ ታርፋለህ።»

ፋሃድ ይህን ያለው በደግነት ነው። ለሰይድ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ኹሩጅ፣ ሠራተኛ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገር የሚወጣበት ወረቀት። ሰይድ ደሴ የምትማር ሳሊሃ የምትባል ልጅ አለችው። አዋላጅ ነርስ ሆና የምትመረቀው ሰኔ ላይ ነው። እሱ ከሥራው ከወጣ ትምህርቷ ይቋረጣል፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ወደ ራሱ የሚያዞርለት ሌላ ከፊል፣ ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ ደግሞ አያገኝም። እስከ ሰኔ መቆየት ነበረበት፤ የሚቆየው ደግሞ መኪናው እስከቆየ ድረስ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን አንድ ላይ እንያቸው፤ እኔን በጣም ያስደሰተኝ እዚህ ላይ ነውና። ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው ቁጥር አራት ነጥብ አራት ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከአራት ነጥብ ስምንት ወደ አራት ነጥብ አራት መውረድ የወጉ እርጅና ነው፤ ባትሪ የሚያረጀው እንዲህ ቀስ እያለ ነው። ጥላ ሥር ቆሞ በከረመበት አራት ወር ግን ሩቡን ሊያጣ አይችልም። እንዲህ በአንዴ የሚወርድ ቁጥር የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። መኪናው ሳይነዳም እየበላ ነው። አንድ ነገር በየቀኑ፣ ቆሞ ሳለ፣ ያነቃዋል።

ይህን ለሰይድ በኩራት ሳስረዳው አስጨርሶኝ «እኔ በቁጥር አይደለም ያወቅኩት» አለኝ። «የነገረችኝ ረሺዳ ናት።»

ረሺዳ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የከሚሴ ልጅ። ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቁርሱን ስታቀርብለት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ሰይድ፣ መኪናህ ይተነፍሳል።»

«ምን አልሽ?»

«ይተነፍሳል አልኩህ። ዙህር ከተሰገደ በኋላ፣ አንተ ስታንኮራፋ። እኔ ያን ሰዓት ልብስ ማስጣት ከተውኩ ቆየሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሙቀቱ መትቶሻል።»

«ሙቀት ስፖኪዮ ይከፍታል? ያላ፣ አንድ ቀን እንቅልፍህን ተውና ውጣ። ከዚያ ትስቃለህ።»

ሰይድ ከቀትሩ ሶላት ከዙህር እስከ ከሰዓቱ ሶላት እስከ ዐስር መተኛት ልማዱ ነው። ክፍሉ ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ መኪናው የሚቆመው ከቤቱ ጀርባ። በዚያ ሙቀት ኡሙ ፋሃድ ስለማይወጡ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው የለም። እሑድ ግን አልተኛም። ግቢው ጥግ ያለችው ቁርቁራ ሥር ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

መስከረም ቢሆንም ሙቀቱ አርባ ሦስት ነበር። በሪያድ የሚያስፈራው ሰዓት ጨለማ አይደለም፤ ያ ነጭ ሰዓት ነው። ጥላ ሁሉ ወደየዕቃው ሥር ይገባል። መንገድ ላይ ሰው የለም፤ ርግብ እንኳ የለም። የሚሰማው ከየቤቱ ጣሪያ የሚመጣ የኤሲ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ከመቆየቱ የተነሣ እንደ ዝምታ ይቆጠራል። ሰይድ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ሰይድ የእጅ ሰዓቱን የሚሞላው እንደ አገሩ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልቀየረውም። ስልኩን አየ፤ አንድ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።

ልክ ሲሞላ መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ሁለቱ ስፖኪዮዎች እንደ ጆሮ ቀስ ብለው ተከፈቱ። ከሆዱ ሥር ረጅም፣ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጣ። የኋላ ቀኙ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ወረደ። ከዚያም የኋላ ቀኙ ወንበር፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ የታመመ ሰው እንደሚያስተኙት በዝግታ።

ሰይድ ያን ወንበር ያውቀዋል። የአቡ ፋሃድ ነው። መስኮቱን ሁለት ጣት ዝቅ ማድረግ የሚወዱት እሳቸው ነበሩ።

«አዑዙ ቢላህ» አለ። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል የቤቱ የጓሮ በር ተከፈተ። ኡሙ ፋሃድ በስግደት ልብሳቸው ወጡ። በእጃቸው ሙስበሃ፣ የዚክር መቁጠሪያቸውን፣ ብቻ ይዘዋል። ሰይድን ከዛፉ ሥር አላዩትም። በግራ በኩል ያለውን የኋላ በር ከፍተው ገቡና ዘጉት። ፊታቸውን ወደ ቀኝ መለሱ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። አንዴ ሳቁ። አንዴ ዝም ብለው ቆዩ፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚቆየው።

ሰይድ በመኪናው ፊት በኩል ጎንበስ ብሎ አለፈ። በመስታወቱ ውስጥ ስክሪኑ ይታያል። ስክሪኑ ላይ መኪናው ከላይ እንደታየ ሆኖ ትንሽ ሥዕል አለ፤ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ያላሰረበት ወንበር በቀይ ይበራል። የኋላ ግራው ቀይ ነበር፤ እሳቸው አሉ። የኋላ ቀኙም ቀይ ነበር።

በግማሽ ሰዓቱ ትንፋሹ ቆመ። ወንበሩ ቀና አለ። ኡሙ ፋሃድ ወርደው ገቡ። ሰይድ ያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ ረሺዳም ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ሰኞ ጠዋት መኪናውን ይዞ ወደ መሸጫው ሄደ። ፋሃድ አስቀድሞ አስገምተው ብሎት ነበርና ምክንያት አላጣም። የመጡ መኪናዎችን መርምራ ዋጋ የምታወጣው ኢስራእ ናት፤ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ናቸው፣ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ዐረብኛው ይቀናታል፤ ለሰይድ ስትል ግን በአማርኛዋ ትታገላለች።

ኮምፒውተሯን ከመኪናው ጋር አገናኝታ ጥቂት ቆየችና «ዓሚ ሰይድ፣ ባትሪው ማሻአላህ ጤነኛ ነው» አለች። «ዘጠና ሁለት በመቶ። እሱ አልታመመም። የሚሰርቀው አለ።»

«ማነው የሚሰርቀው?»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። ከሚያዝያ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለሠላሳ ደቂቃ መኪናው ነቅቷል። በአርባ ሦስት ዲግሪ የጋለ መኪና ማቀዝቀዝ ብዙ ይበላል፤ በቀን ሁለት ፐርሰንት ተኩል። ገመዱ ተሰክቶ በከረመበት ጊዜ የበላውን ግድግዳው ይተካለት ነበርና አልታወቀም። ገመዱ ሲነቀል ግን የሳምንቱ ድምር አሥራ ሰባት ፐርሰንት ተኩል ሆነ። ከአራት ነጥብ አራት ወደ ሦስት ነጥብ ሦስት ያወረደው ይኸው ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

«ማን አዘዘው?» አለ ሰይድ።

«ስልክ አይደለም። ከመኪናው ስክሪን፣ በእጅ። በአቡ ፋሃድ ስም ተገብቶ ነው የታዘዘው።» ቀኑን አነበበችለት። ሰዓቱንም፤ ከዐስር ሶላት ትንሽ ቆይቶ ነበር።

ሰይድ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ያ ቀን አቡ ፋሃድ የሞቱበት ዋዜማ ነው። ሐኪም ቤቱ ደውሎ ነገ ጠዋት በሰባት ሰዓት አምጧቸው ብሎ ነበር። በዚያ ሰሞን የጋለ መኪና ያፍናቸው ስለነበር ሰይድ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ወንበሩም መስኮቱም እንደሚወዱት እንዲሆን በራሳቸው ስም ስክሪኑን ከፈተ። ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቃቸው ብሎ ሰዓቱን ሞላ። እሱ ዘንድ የጠዋት ሰባት ሰዓት የለም፤ የጠዋት አንድ ሰዓት ነው ያለው። እጁ አንድ ብሎ ጻፈ። ከቀትር በኋላ ስለነበር ስክሪኑም የከሰዓቱን አንድ ያዘ። አቡ ፋሃድ ጎሕ ሳይቀድ ሞቱ። መኪናውን የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ትእዛዙን ያስታወሰውም ሰው አልነበረም። ሰይድ በኋላ ቅንብሩን ሲያይ የሚያየው በገዛ ስሙ እየገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም።

«እንግዲያው ጂኑ እኔ ነኝ» አለ።

ኢስራእ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ግን አቆመች።

ሰይድ ስለ ቀዩ ምልክት ጠየቃት። የኋላ ቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በራ። ተነሣች፤ ጠፋ። በእጇ ተጫነችው፤ ምንም አላለም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ምንም አላለም። «ከመቀመጫው ሥር ክብደት የሚያውቅ ስስ ምንጣፍ አለ» አለችው። «ሙቀት ሲበዛ ይወጠርና ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። እዚህ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ አይበራም። ብርዱ ይምጣ፣ ራሱ ይተወዋል።»

«ግራውም እኮ እኩል ይሞቃል። የቀኙ ብቻ ለምን?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ወላሂ አላውቅም።»

ያን ቀን የከሰዓቱ አንድ ሰዓት ያለፈው እዚያው መሸጫው ውስጥ ነው፤ መኪናው እንደ ልማዱ ነቃ፣ የኋላ ቀኙ ግን አልበራም። ኢስራእ ትእዛዙን ሰረዘችው። ሰይድ ወደ ቤት ሲመለስ በልቡ አሰላ። በዚህ ሳምንት መኪናው የነቃው አራት ቀን ብቻ ነው። ከእንግዲህ ዝም ካለ የሐሙሱ ቁጥር ከሦስት ተኩል በላይ ይሆናል። አራተኛው ሐሙስ ፈረሰ ማለት ነው። መኪናው ይቆያል፤ እሱም ይቆያል። ሳሊሃን አስቦ ብቻውን ፈገግ አለ።

ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ቁርቁራው ሥር ቆመ። በእጁ ሰዓት ሰባት ሞላ። ስፖኪዮዎቹ አልተከፈቱም። ኡሙ ፋሃድ ወጡ፤ የግራውን በር ከፈቱ፤ ገብተው ዘጉት። መኪናው ዝም እንዳለ ነው። ሰይድ ይወጣሉ ብሎ ጠበቀ። አልወጡም። ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ሦስት ደቂቃ። ፊታቸውን ወደ ባዶው ወንበር መልሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ምድጃ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሮጦ በሩን ከፈተው። ላባቸው በአገጫቸው ይወርድ ነበር።

«ዛሬ አልመጣም» አሉት። ሰይድን እዚያ በማየታቸው የተገረሙ አይመስሉም።

ሰይድ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሐኪም ቤቱ የደወለበትን ቀን፣ የእጁን ስሕተት፣ ኢስራእ የሰረዘችውን። «ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት» አለ።

ኡሙ ፋሃድ ረጋ ብለው ሰሙት። «ከዒዳዬ ሦስተኛ ቀን ጀምሮ በመስኮት እሰማው ነበር» አሉ። «አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖርኩ። አንድም ቀን በቀጠሮው ሰዓት መጥቶ አያውቅም። አንተ ለጠዋት ቀጥረኸው እሱ ከቀትር በኋላ ቢመጣ ይገርመኛል?» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። «ሰዓቱን የሞላኸው አንተ ነህ፤ እሺ። ወንበሩን የሚሞላውስ ማነው?»

ሰይድ ስለ ምንጣፉ ሊያስረዳ ጀመረና ተወው።

«መልሰው» አሉት።

«ከመለስኩት ሐሙስ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ኡሙ ፋሃድ። ፋሃድ መኪናውን ይቀይራል። እኔም እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው አላዝዝህም» ብለው ወርደው ገቡ።

ከዐስር በኋላ ሰይድ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ስክሪኑን በአቡ ፋሃድ ስም ከፈተው። አሁን ስሕተት የለም፤ የሚሞላውን ሰዓት በደንብ ያውቃል። ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ሰዓት ብሎ ሞላው፤ የከሰዓቱን።

ሐሙስ ኪሎሜትሩን ለፐርሰንቱ አካፈለ። ሦስት ነጥብ አራት። እርሳሱን ይዞ ቁጥሩን ሲያየው ቆየ። ሦስት ነጥብ ስድስት ብሎ ቢጽፍ ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ደብተሩ የአቡ ፋሃድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምናልባት በየቀኑ ይመጣሉ። ሦስት ነጥብ አራት ብሎ ጻፈ።

ፋሃድ አነበበ። «አራተኛው ሐሙስ። ኸላስ።»

«ቁጭ በል» አሉት እናቱ። ሁሉንም ነገሩት። ፋሃድ አንዴ ሰይድን፣ አንዴ እናቱን አየ።

«ዩማ፣ ይህ እኮ ማሽን ነው።»

«አባትህም ማሽን ነው እያለ ነበር የሚቀመጥበት። የእሱ ሕግ መኪናውን ይለካል፤ ባትሪው ደግሞ እንዳልታመመ ልጅቷ ተናግራለች። አሁን የምንለካው የተሳፈረውን ነው። ያ ሰይድ፣ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨምር። ሐሙስ ሐሙስ ሰባት ሰዓትህ ላይ እይና ጻፍ፤ ቀይ ወይም ባዶ ብለህ። አራት ሐሙስ ተከታትሎ ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ ይቀየር።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንዱ ሐሙስ ብርድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ይዞት ይሆናል። ሦስተኛው ያው አመሉ ነው። አራተኛው ግን ሄዷል ማለት ነው።»

እንዲህ ሆኖ የሰይድ ሰኔ ወንበሩ ላይ ተንጠለጠለ። ቀይ ከሆነ ይቆያል፤ ባዶ ከሆነ ይሄዳል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር መኪናው ፊት ይቆምና ምልክቱ እንዲበራ ይጸልያል፤ ሲበራ ደግሞ ጀርባው ላይ ውኃ የፈሰሰበት ያህል ይሰቀጥጠዋል። ጥቅምት ሙሉ ቀይ። ኅዳር ሙሉ ቀይ። ታኅሣሥም።

ጥር ላይ ብርዱ ገባ። ምንጣፉን የሚወጥረው ሙቀት ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፈተና እወዳለሁ። የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ባዶ። «አላልኩህም?» አለችው ኢስራእ በስልክ። ሁለተኛው፣ ባዶ። ኡሙ ፋሃድ ሻላቸውን ተከናንበው ግማሽ ሰዓቱን ሳይናገሩ ተቀመጡ። ሦስተኛው፣ ባዶ። ረሺዳ በዚያ ሰዓት ልብስ ማስጣት ጀመረች።

በአራተኛው ሐሙስ ፋሃድ ከሥራ ቀድሞ መጣ። መሸጫው አንድ ነጭ አዲስ ሞዴል ይዞለታል፤ እሺ ለማለት ስልኩን በእጁ ይዞ ጓሮ በር ላይ ቆመ። ሙቀቱ አሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር። ሰማዩ ዐመድ መስሏል። ኡሙ ፋሃድ በግራ ገቡ። ሰይድ በሹፌሩ በር በኩል ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያያል።

በእጁ ሰዓት ሰባት ሞላ። ስፖኪዮዎቹ ተከፈቱ። መኪናው አሁን የሚተነፍሰው ሞቃት አየር ነው። መስኮቱ ሁለት ጣት ወረደ፤ ወንበሩ ተንጋለለ። ግራው ቀይ። ቀኙ ባዶ።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። ኡሙ ፋሃድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩ ላይ ያለው ፋሃድ ስልኩን ወደ ጆሮው አነሣ።

ሰይድ ያን ጊዜ ያሰበውን ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። ሳሊሃን አላሰበም። ወንበሩን ልጫነው ብሎም አላሰበም። ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኚህ ሰው በር ሲከፍትላቸው ኖሯል፤ ከሞቱ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልከፈተላቸውም። በመኪናው ዙሪያ ሄዶ የኋላ ቀኙን በር ከፈተ። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ፣ እንደ ድሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ገብቶ እስኪስተካከል የሚፈጀውን ያህል ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ቀኙ በራ።

ኡሙ ፋሃድ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዘገየህ» አሉ። ለማን እንዳሉት ማንም አልጠየቀም። ፋሃድ ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ ያን ቀን ስለ መኪና አንድም ቃል አልተናገረም። ሰይድ ደብተሩ ላይ ቀይ ብሎ ጻፈ። ቆጠራውም እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ኢስራእ ማብራሪያ አላት። በር ሲዘጋ መኪናው ምንጣፉን እንደ አዲስ ያነበዋል፤ የወንበሩ ማሞቂያ ደግሞ በዚያ ሁለት ደቂቃ ምንጣፉን አሙቆታል። ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ፤ ሰይድም ወዶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየቀኑ የቀኙን በር አስቀድሞ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የግራውን።

ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ደብተሩን ገጽ በገጽ ካየን በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ባዶ መኪና ላይ የሚዘጋ በርና ሰው ገብቶ የሚዘጋ በር ድምፃቸው አንድ አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት በር የዘጋ ሹፌር ይህን ይለያል። አንተ በሩን ስትዘጋ የምትሰማው የትኛውን ነው አልኩት።

ሰይድ ደብተሩን ዘጋው። የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ያላ ወንድሜ» አለና ተነሣ። «ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጉልበታቸውን እያመማቸው ቆመው አይጠብቁኝ።»